ሁለት ጉማጅ፣ አንድ ቀስት፦ እንጨት ቀጥሎና አጣብቆ ቀስት የመሥራት መመሪያ

አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ አንድ ገበሬ የማሳውን አጥር ሲመነጥር የጣለውን የግንድ ክምር «የምትፈልገውን ውሰድ» ብሎ በለቀቀልኝ ቀን፣ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ፍለጋ ክምሩን ሳገላብጥ ዋልሁ። አንድም አላገኘሁም። እንጨቱ ኦሴጅ ነበር። ሲፈለጥ ልቡ ቢጫ፣ ክብደቱ እንደ ድንጋይ፣ ልምጠቱ ግን ለቀስት የተፈጠረ የሚመስል ዛፍ ነው። የትውልድ ቦታው ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና አርካንሳስ የሚዋሰኑበት አካባቢ ነው። ስሙን ያገኘው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሆነው ከኦሴጅ ሕዝብ ሲሆን፣ ፈረንሳውያንም «የቀስት እንጨት» ብለውት ነበር። እሾሃም ሽቦ ከመምጣቱ በፊት የሜዳው አገር ገበሬዎች እየተከሉ አጥር ያደርጉት ስለነበር ዛሬም በየማሳው ዳር በረድፍ ቆሞ ይታያል።

ችግሩ ይህ ዛፍ ቀጥ ብሎ አለማደጉ ነው። ይጣመማል፣ ይጠማዘዛል፣ በየጥቂቱ ቅርንጫፍ እያወጣ እንጨቱ ውስጥ ዓይን ይተዋል። የጠራ ሁለት ሜትር ከሱ ማግኘት ብርቅ ነው። የጠራ አንድ ሜትር ግን በዚያ ክምር ውስጥ ሞልቶ ነበር። አጭር ጉማጆችን እየመረጥሁ መኪናዬን ሞልቼ ተመለስሁ፤ መቀጠልን የተማርሁትም በእነዚያ ጉማጆች ነው።

መቀጠል የቸገረው ሰው መላ ብቻ የሚመስለው ሊኖር ይችላል። የኦቶማን ቱርክ ቀስት ሠሪዎች የቀስታቸውን የእንጨት አካል ከበርካታ ቁራጮች በሹል መጋጠሚያ እየቀጠሉ፣ ከእንስሳ ጅማትና ከቆዳ በሚቀቀል ሙጫ እያጣበቁ ነበር የሚሠሩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የዒላማ ቀስት ሠሪዎችም ረጅም ንጹሕ እንጨት ሲያጥራቸው ሁለት አጫጭር ቁራጮችን እጀታው ላይ ይቀጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር በወጣችው ሜሪ ሮዝ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ የተገኙት 172 ቀስቶች ግን ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረቡ ናቸው። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። የተቀጠለው እንዲያውም አንድ ብልጫ አለው፦ ከአንድ ግንድ ጎን ለጎን የተፈለጡ ሁለት ቁራጮች መንታ ስለሆኑ የላይኛውና የታችኛው የቀስቱ ክንድ በጠባይ ይመሳሰላሉ።

ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን በልጅነታችሁ ያያችሁ ሁሉ የዚህን ሥራ መሠረት ታውቁታላችሁ። አያቴ ደጋኑን ስትመታ እንጨቱ ተለምጦ ይመለስ ነበር፤ አውታሩም ጥጡን ብን ያደርገዋል። የምንሠራው ቀስት ግን ከመሐሉ አይለመጥም። እጀታው ደንዳና ሆኖ ይቀራል፣ የሚለመጡት ከላይና ከታች ያሉት ክንዶች ናቸው። መጋጠሚያው ሙሉ በሙሉ በማይለመጠው ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት። ይህን ከዘነጋችሁ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም።

እንጨቱን ማዘጋጀት

የምንነሳው 170 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ካለው፣ አንድ ጎልማሳ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊስበው ከሚችል ቀስት ነው። መጋጠሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚደራረብ እያንዳንዱ ጉማጅ 92 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለቱ ሲቀጠሉ 174 ይሆናሉ፤ ትርፉ ከጫፎቹ ይቆረጣል።

ግንዱን በሽብልቅና በመዶሻ ፍለጡት እንጂ በመጋዝ አትሰንጥቁት። ሲፈለጥ ቃጫው ወደሚወስደው ይሄዳል፤ ጠመዝማዛ ከሆነ ያኔውኑ ታውቃላችሁ። ጎን ለጎን የወጡትን ሁለት ፍላጮች መንታ ብላችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸው፣ የግንዱ የታችኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነም ጻፉበት። የሚጋጠሙት ተመሳሳይ ጫፎች ናቸው፤ ሥር ከሥር ወይም ጫፍ ከጫፍ። ግንዱ በተቆረጠ በዚያው ቀን ሁለቱን የተቆረጡ ፊቶች ኮላ ወይም ወፍራም ቀለም ቀቡ፤ ካልተቀቡ ውኃው በፊቶቹ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ እንጨቱ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ልጡን ከላጣችሁ የተላጠውንም ፊት ቀቡ።

ከዚያ መድረቅ አለበት። ጥላ ባለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ተዉት። በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑና ክብደቱን እንጨቱ ላይ ጻፉ፤ ለተከታታይ ሳምንታት ቁጥሩ ካልተለወጠ ደርቋል። የእርጥበት መለኪያ ያላችሁ ከ8 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ጀምሩ። እርጥብ እንጨት ኮላ አይዝም፤ ቢይዝ እንኳ ቀስቱ ተለምጦ ይቀራል፣ አይመለስም።

አሁን የቀስቱን ጀርባ ታወጣላችሁ። ጀርባ የምንለው ስንስብ ከእኛ ወዲያ የሚያየውን ፊት ነው፤ ወደ እኛ የሚያየው ሆድ ይባላል። ጀርባው ይሳባል፣ ሆዱ ይታመቃል። ኦሴጅ ላይ ነጩን የውጭ እንጨት አስወግዳችሁ ቢጫው ውስጥ አንድ የዕድሜ ቀለበት ትመርጣላችሁ፤ ያንን ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትቆርጡ ትከተላላችሁ። በሁለት እጀታ ቢላዋ አብዛኛውን አንሱ፣ ወደ ቀለበቱ ስትጠጉ ወደ መፋቂያ ተመለሱ። በሁለት ቀለበቶች መካከል ያለው ልል ሽፋን በቢላዋው ሥር እንደ ደረቅ ዳቦ ቅርፊት ይንኮሻኮሻል፤ ጠንካራው ክፍል ግን ለስላሳ ሆኖ ያብረቀርቃል። ድምፁን ስታዳምጡ እጃችሁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ዓይን ባለበት ቦታ ዙሪያውን ጉብ አድርጋችሁ ተዉት። ቀለበቱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ቀስቱ አንድ ቀን በዚያ ቦታ ይሰበራል።

ንድፉ

የሚጋጠሙት ጫፎች መጀመሪያ አራት ማዕዘን መሆን አለባቸው። የመጨረሻዎቹን 15 ሴንቲ ሜትር ስፋታቸው 4.5፣ ጥልቀታቸው 4 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ላጉ። ጎኖቹ ለጀርባው ቀጥ ያሉ መሆናቸውን በስኳድራ አረጋግጡ። እዚህ ላይ የምትተዉት የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት በኋላ ቀስቱን በሙሉ ያጣምመዋል።

ቀጥሎ ካርቶን ላይ ስፋቱ 4.5፣ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል ሣሉ። ስፋቱን በ1.5 በ1.5 ለሦስት ክፈሉት። ከግራው ጠርዝ ታችኛ ጥግ ተነሥታችሁ ወደ መጀመሪያው ክፍፍል ላይኛ ጫፍ መስመር ውሰዱ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍፍል ታች ውረዱ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ቀኙ ጠርዝ ላይኛ ጥግ ውጡ። ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ አንድ ሙሉ ሹልና ጠርዝ ላይ የተደገፈ አንድ ግማሽ ሹል አገኛችሁ ማለት ነው። በመስመሩ ላይ ቁረጡትና የታችኛውን ክፍል አስቀሩ።

የዚህ ንድፍ ደስ የሚለው ነገር ለሁለቱም ጉማጆች አንድ ካርቶን መብቃቱ ነው። ሁለቱንም ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ለሁለተኛው ጉማጅ ካርቶኑን ግማሽ ዙር አዙሩት እንጂ አትገልብጡት። ከገለበጣችሁት ሹሉ ከሹል ይገናኛል፣ ሁለት ጥሩ እንጨትም ይባክናል።

ለምን 10 ሴንቲ ሜትር? ሁለቱን ጉማጆች ደፍናችሁ ጫፍ ለጫፍ ብታጣብቁ የሚገናኙት በ18 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያም ቃጫው የተቆረጠበት ፊት ስለሆነ ኮላውን እንደ ስፖንጅ ይጠጣል እንጂ አይዝም። ከላይ ባለው ንድፍ ግን ሦስቱ ፊቶች ተደምረው ወደ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ተዳፋቱም ረጅም ስለሆነ ኮላው የሚያርፈው ከሞላ ጎደል በቃጫው ጎን ላይ ነው። ከ8 ሴንቲ ሜትር በታች አታሳጥሩት። ከ12 በላይ ማስረዘምም አልመክርም፤ ሹሎቹ ቀጥነው በመጋዝ ሥር ይወላገዳሉ፣ መጋጠሚያውም ወደሚለመጠው ክፍል ይጠጋል።

መጋዝና መግጠም

ጥርሱ ደቃቅ የሆነ፣ ገላው የማይዋልል መጋዝ ያዙ። በእያንዳንዱ ጉማጅ ላይ የሚቆረጠው ሦስት መስመር ነው፤ አንዱ የጎኑን ሽብልቅ አውልቆ ይጥላል፣ ሁለቱ ሥራቸው ላይ ተገናኝተው የመሐሉን ክፍተት ይከፍታሉ። መስመሩን ከጀርባም ከሆድም በኩል ሣሉ፣ መጋዙ በሁለቱም በኩል መስመሩን መከተሉን በየጥቂቱ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። መስመሩን አትብሉት። መጋዙ በሚጣለው በኩል ይሂድ፣ የእርሳሱ ጭረት በሚቀረው እንጨት ላይ ይታይ። የኦሴጅ ሰጋቱራ ሳንባና ቆዳ ያስቆጣል፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

አሁን ግጠሟቸው። በመጀመሪያው ሙከራ አይገጥሙም፤ ይህ የተለመደ ነው። አንዱን ፊት ጠመኔ ቀቡትና ገፍታችሁ ግጠሙ፤ ስትለዩት ጠመኔው የተሻገረበት ቦታ ከፍ ያለው ነው። እሱን ብቻ በሞረድ ንኩት። እንደገና ጠመኔ፣ እንደገና ግጣሞሽ። የሹሎቹን ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቁረጡ፤ ሹሉ ከክፍተቱ ሥር ቀድሞ ከነካ ጎኖቹ ፈጽሞ አይጣበቁም። ወደ መስኮት አንሥታችሁ በመጋጠሚያው ውስጥ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ተመልከቱ።

የመጀመሪያውን ቀጥል ቀስቴን ያጣሁት እዚህ ላይ በመቸኮሌ ነው። ከጀርባም ከሆድም ሲታይ መስመሩ ፀጉር አያስገባም ነበር፤ መጋዙ መሐሉን ጎድጎድ ማድረጉን ግን አላየሁም። ኮላው ይሞላዋል ብዬ አጣበቅሁት። ቀስቱ ተስተካክሎ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ስስበው ከእጀታው ውስጥ አንዲት «ጠቅ» የምትል ድምፅ ሰማሁ። ከሹሉ ጫፍ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። መጋጠሚያውን በሽብልቅ ከፍቼ ሳየው አንደኛው ፊት ላይ ኮላው እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ አንድ የእንጨት ቃጫ እንኳ አልያዘም። በደንብ የተጣበቀ እንጨት ሲገነጠል ሁለቱም ፊት የተቦጨቀ ቃጫ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሥራ ሁሉ እነዚያን ፊቶች እንጨት ለእንጨት ማገናኘት ነው። ኮላው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሞረዱ በኋላ የሚቀረውን ጥቂት ክፍተት የፈላ ውኃ ይዘጋዋል። ረጅም ድስት ውስጥ ውኃ አፍሉና የሁለቱን ጉማጆች ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነክራችሁ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉ። እንጨቱ ሙቀት ሲገባው ይገራል። ወፍራም ጓንት አጥልቃችሁ ወዲያው አውጡ፣ ግጠሙ፣ ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሐል ግፉ፣ ከጎንም በሞርሳ ያዙ። ትኩስነቱ ሳይለቀው አንደኛው ፊት የሌላኛውን ቅርጽ ይወስዳል፤ ጠርዝ ላይ የነበረችው ጥቁር ክፍተት እያያችኋት ትዘጋለች። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በጣም የምወዳት ጊዜ ይህች ናት። ከመጋጠሚያው ጠርዝ ቢጫ ውኃ ይንጠባጠባል፤ የኦሴጅ ቀለም ነው፣ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም።

ሞርሳው ውስጥ አሳድሩት። በነጋታው ለዩአቸውና ለሳምንት ወይም ከዚያ በላይ አድርቋቸው፤ ከመቀቀሉ በፊት የነበረው ክብደት ካልተመለሰ አትንኩት። በዚህ ጊዜ የሚቸኩሉ ብዙዎች ናቸው፤ የውጩ ፊት በሁለት ቀን ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ገና ነው።

ከማጣበቃችሁ በፊት አንድ ፍተሻ ይቀራል። የደረቀውን መጋጠሚያ ያለ ኮላ ግጠሙና ከአንዱ ክንድ ጫፍ መሐል እስከ ሌላው ጫፍ መሐል ክር ወጥሩ። ክሩ በእጀታው መሐል ማለፍ አለበት። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ካዘነበለ ችግር የለም፣ እጀታው ሲጠረብ ይስተካከላል። ከዚያ ካለፈ ከአንደኛው ፊት ጥቂት ሞርዳችሁ አቅጣጫውን መልሱ። ከጎን ስታዩትም ሁለቱ ክንዶች ቀጥ ያሉ ወይም ጫፎቻቸው ወደ ጀርባ በኩል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያዘነበሉ ይሁኑ፤ ወደ ሆድ ያዘነበለ ቀስት ገና ከመጀመሪያው ጉልበቱን አጥቷል።

የትኛው ኮላ

ቀስ ብሎ የሚጠነክር፣ ሙሉ ቀን የሚፈልግ ኤፖክሲ (ሁለት ክፍሎቹ ተቀላቅለው የሚጠነክር ኮላ) ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ጥቃቅን ክፍተት ይታገሣል፣ ብዙ መታመቅም አይፈልግም። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን አትጠቀሙ፤ ለልምጠትና ለንዝረት አይሆንም። አናጢዎች በየቀኑ የሚጠቀሙበት በውኃ የሚታጠበው ኮላ፣ በተለይ ውኃ የሚቋቋመው ዓይነት፣ መጋጠሚያው ፍጹም ከሆነ ይይዛል። ነገር ግን ክፍተት አይሞላም፤ ሙቀት ሲበዛበትም ይገራል፣ ስለዚህ ቀስቱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የሚተው ሰው ባይጠቀምበት ይሻላል።

ከቆዳ የሚቀቀለው ሙጫ የቀድሞዎቹ ነው። ደረቁን ሙጫ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት አርሳችሁ እስኪያብጥ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ታቀልጡታላችሁ። ከ60 ዲግሪ ብዙ አታሳልፉት፤ ከፈላ ጉልበቱ ይሞታል። እንጨቱንም ሞቅ አድርጉት፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ እንጨት ላይ ገና ሳትገጥሙት ይረጋል። ጥንካሬው ድንቅ ነው፣ እርጥበት ግን ጠላቱ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ በቁርጥራጭ ፈትኑት። መጋዙ ያወለቃቸውን ሽብልቆች ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣብቁ፣ ሦስት ቀን አቆዩ፣ ከዚያ በመዶሻ ስበሯቸው። እንጨቱ ተሰብሮ የኮላው መስመር ከቆመ ቀጥሉ። መስመሩ ከተላቀቀ ወይ ፊቱ ንጹሕ አልነበረም፣ ወይ ኮላው በትክክል አልተቀላቀለም፣ ወይ ኮላው አርጅቷል።

ማጣበቅ

ኦሴጅ ቅባትነት አለው። በምታጣብቁበት ዕለት ፊቶቹን በመፋቂያ በስሱ አድሱ፣ በብረት መጋዝ ምላጭ ርዝመቱን ተከትላችሁ ጫር ጫር አድርጉ፣ በአሴቶን በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጨርቁ ቢጫ መሆኑን እስኪያቆም ጥረጉት። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ምድጃ አጠገብ አትሁኑ። ከዚያ በኋላ ፊቱን በጣት አትንኩ፤ የጣት ወዝ ይበቃዋል።

ክፍሉ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቅ። የኤፖክሲውን ሁለት ክፍሎች አምራቹ ባለው መጠን በሚዛን ለክታችሁ ለጥቂት ደቂቃ በደንብ አዋሕዱ። ሁለቱንም ፊቶች በስሱ ቀቡና አሥር ደቂቃ ታገሡ፤ ቃጫው የመጀመሪያውን ይጠጣል። ደብዘዝ ያለበትን ቦታ እንደገና ቀቡ። አሁን ግጠሙ።

ማጥበቂያው በሁለት አቅጣጫ ነው። መጀመሪያ ርዝመቱን፦ ከአንዱ ክንድ ጫፍ ወደ ሌላው ገመድ አስራችሁ በገመዱ ውስጥ አጭር በትር አስገቡና እየጠመዘዛችሁ ሁለቱን ጉማጆች ወደ መሐል ሳቡ። ሹሎቹ እርስ በርስ እንደ ሽብልቅ ስለሚጣበቁ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ከዚያ ከጎን፦ መጋጠሚያውን በፌስታል ጠቅልላችሁ በሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች መካከል አድርጉና ሁለት ሞርሳ ግጠሙበት። ኮላ ከየመስመሩ በትናንሽ እንክብል መውጣት አለበት። ምንም ካልወጣ ኮላው አንሷል፤ እስኪጎርፍ ካጠበቃችሁም ውስጡን አድርቃችሁታል። የተወጠረውን ክር ለመጨረሻ ጊዜ አመሳክሩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

ሞርሳ የሌለው ሰው የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪያ በሁለት ጣት ስፋት ረጅም አድርጎ ቆርጦ እየለጠጠ ይጠምጥምበት። በየዙሩ ግፊቱ ይደማመራል፤ ዙሪያውን እኩል ስለሚጫን እኔ አንዳንዴ ሞርሳ እያለኝ እመርጠዋለሁ። ለ24 ሰዓት አትነካኩት፣ ለአንድ ሳምንት ያህልም አትለምጡት።

እጀታውና ክንዶቹ

መጋጠሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የማይለመጠው ክፍል ግን 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ መሐሉ መያዣ፣ ከላይና ከታች አምስት አምስቱ ወደ ክንዶቹ ቀስ እያለ የሚሳሳ። እንጨቱ ጥልቀት ካነሰው ሆዱ ላይ 22 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት ደርባችሁ አጣብቁ። ይህ ድርብ መጋጠሚያውን ከነሹሎቹ ስለሚሸፍን ሁለተኛ ጠባቂ ይሆነዋል። ጫፎቹ ድንገት የተቆረጡ ሳይሆኑ እንደ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ይሁኑ፤ አለዚያ ክንዱ ሲለመጥ ተገንጥለው ይነሣሉ።

ክንዶቹን ከእጀታው እስከ መሐላቸው 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ጫፉ እያጠበቡ 1.2 ሴንቲ ሜትር አድርሷቸው። ውፍረታቸው እጀታው አጠገብ 1.6፣ ጫፉ ላይ 1.2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ይጀምር። ከዚህ በኋላ የሚፋቀው ሆዱ ብቻ ነው፤ ጀርባው አይነካም። ቀስቱን ግድግዳ ላይ በተመታ የድጋፍ እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ ረዘም ያለ አውታር አስገቡለት፣ እየሳባችሁ ሁለቱ ክንዶች እኩል መለመጣቸውን እዩ። የደነደነውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ፋቁ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሳቡ፣ እንደገና እዩ። ከምትፈልጉት የመሳብ ክብደት በላይ በምንም ምክንያት አትሳቡት። 18 ወይም 20 ኪሎ የምትፈልጉ ከሆነ ሚዛኑ እዚያ ሲደርስ ቁሙ፣ ርቀቱ ገና ቢሆንም። ይህን ክፍል በአጭሩ ያለፍሁት ከአንድ ወጥ እንጨት ከሚሠራው ቀስት ስለማይለይ ነው።

በየፍተሻው ግን መጋጠሚያውን በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ስትስቡ በእጀታችሁ ውስጥ መንቀጥቀጥ ከተሰማችሁ መጋጠሚያው እየተለመጠ ነው ማለት ነው፤ እጀታው አጠገብ ከመጠን በላይ አቅጥናችኋል።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምትሞክሩ

ኦሴጅ አታገኙም፤ ቀርከሃ ግን አላችሁ፣ እሱም ለጀርባ ከብዙ እንጨት ይበልጣል። የቀርከሃ የውጭ ገላ ለመሳብ ያለው ጥንካሬ ከፍተኛ ነው። የቆላው ቀርከሃ ግንዱ ድፍን፣ የደጋው ባዶ ነው፤ ለዚህ ሥራ ሰፊውና ወፍራሙ የደጋ ቀርከሃ ይመቻል፣ ምክንያቱም ግንዱ በሰፋ መጠን ከሱ የሚወጣው ፍላጭ ጠፍጣፋነት ይኖረዋል። ለሆድ እንደ ወይራ ያለ ክብድ ያለ እንጨት ሞክሩ። ከጫካ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፤ ከአናጢ ቤት የሚተርፍ ቁራጭ ይበቃችኋል፣ የመቀጠል ጥቅሙም ይኸው ነው።

ሁለቱን የሆድ እንጨቶች ከላይ እንዳልሁት እጀታው ላይ ትቀጥላላችሁ፤ ቀርከሃው ግን አንድ ወጥ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመጋጠሚያው ላይ ያልፋል። ስለዚህ መጋጠሚያው ከጀርባ በኩል የማያቋርጥ ቃጫ ይታጠቃል። የቀርከሃውን ውስጠኛ ፊት መሐሉ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጠርዞቹ እንደ ወረቀት የሳሱ እስኪሆኑ ላጉት። ውጫዊውን ገላ አትላጉ፣ አንጓዎቹንም ደልዳላ አደርጋለሁ ብላችሁ አትቁረጡ። ሁለቱን ፊቶች ኮላ ቀብታችሁ ደርቧቸው፣ ሁለቱን ጫፎች በአምስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አስደግፋችሁ መሐሉን ወደ ታች አስራችሁ በካላማዳሪያ ከመሐል ወደ ጫፍ ጠምጥሙ። ሲደርቅ ጫፎቹ ወደ ጀርባ እንዳዘነበሉ ይቀራሉ፤ የቀስቱም ፍጥነት ከዚያ ይመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ፍላጻዎች

ቀስቱ ሲጠናቀቅ አውታሩ ከእጀታው በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይወጠር። ፍላጻ ሳይኖር ስባችሁ አትልቀቁ፤ ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ጉልበት በሙሉ ወደ እንጨቱ ይመለሳል። እንጨቱን በተልባ ዘይት ደጋግማችሁ አሹት፣ እጀታውን ግን ለጊዜው ራቁቱን ተዉት። በመጋጠሚያው መስመር ላይ ጥቂት የእርሳስ ጭረቶች አቋርጣችሁ አስምሩና ሁለት መቶ ፍላጻ ተኩሱ። በየሃያው ቁሙና ጭረቶቹን እዩ፤ አንዱ እንኳ መስመሩ ላይ ከተሰበረ መጋጠሚያው ተንቀሳቅሷል፣ ቀስቱ ይቁም። ሁሉም ቀጥ ብለው ከቆዩ በተልባ እግር ክር ኮላ እየቀባችሁ እጀታውን አጥብቃችሁ ጠምጥሙት፣ ቆዳውንም ከላዩ አልብሱት።